በእኛና በነሳህራ መካከል የነበረው ግድግዳ

ሚስማር ከደረቀ ጣውላ ላይ ሲነቀል የሚያወጣው ድምፅ አለ፤ እንደሚያጉረመርም ሰው ወፈር ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ቀጥኖ ይጮኻል። በቅርቡ ከምሠራበት ቢሮ ጀርባ አንድ አሮጌ ቤት ሲያፈርሱ ያንን ድምፅ ሰምቼ እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁና ዝም ብዬ አዳመጥኩ። የሥራ ባልደረባዬ ጫጫታው ያስቸገረኝ መስሏት መስኮቱን ልትዘጋልኝ ተነሳች፣ እኔም እንዳትዘጋው መናገር አፍሬ «አመሰግናለሁ» አልኳት። መስኮቱ ተዘጋ፤ እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር የነበረው ቤታችን ውስጥ ገብቼ ነበር።

ቤታችን እንደ ሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ሁሉ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጣውላ፣ ከዚያ በላይ ቆርቆሮ ነበር። አባቴ በየዓመቱ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ይቀባው ስለነበር ቀለሙ እየተደራረበ ሄዶ ከጣውላው ሳይወፍር አልቀረም፣ እናቴም «ይሄን ቤት ያቆመው ቀለሙ ነው» ትል ነበር። እውነቷን እንደነበር ያወቅነው በቀዝቃዛው ወራት፣ ማለትም ጅቡቲ ውስጥ ሰው ከሰዓት በኋላ ሳይተኛ መዋል በሚችልባቸው ወራት፣ አባቴ ራቱን በልቶ ወደ ግድግዳው ደገፍ ሲል ክርኑ ወደ ውስጥ የገባ ጊዜ ነው። ጣውላው አልተሰበረም፣ ድምፅም አላሰማም፣ ክርኑን ዝም ብሎ ዋጠው። ምስጦቹ እንጨቱን በልተው ጨርሰው ለእኛ ቀለሙን ትተውልን ነበር።

አባቴ ክርኑን አውጥቶ ጉድጓዱን ተመለከተና «እንግዲህ መፍረሱ ነው» አለ።

«ክርንህ?» አለች እናቴ።

አባቴ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ዕቃ ከመርከብ ወርዶ መኪና ላይ እስኪወጣ ድረስ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይሮጣል። ከዚህ ሥራው የተማረው ትልቁ ነገር ሰው ያለው ሰው የማይጨርሰው ጉዳይ እንደሌለ ነው። ስለ ቤቱም ባለሙያ እንዲጠራ እናቴ ስትነግረው «ሰው አለኝ» ብሎ ዘጋው። ሰው ያለው ጋሽ ተሾመን ነበር። ጋሽ ተሾመ የጫኝና አውራጆች አለቃ ሲሆኑ፣ በዚህ ዓለም ላይ ያለ ከባድ ነገር ሁሉ በገመድ ታስሮ፣ ከላዩ ተፈትቶ፣ ከሥሩ ተቆርጦ ቀስ ብሎ ሊወርድ ይችላል ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

ከጎናችን የነኤዶ ሀዋ ቤት ነበር። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ሲሆን እኛ ልጆች የሰፈሩን ትልልቅ ሴቶች ሁሉ የምንጠራቸው በዚህ ነበር። ኤዶ ሀዋ ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ይሻል ነበር፤ ባላቸው ጋሽ ኢስማኢልም በወጣትነታቸው የአዲስ አበባን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱበት ስለኖሩ የሹፌር አማርኛ ይችሉ ነበር። እናቴና ኤዶ ሀዋ ግን አይነጋገሩም ነበር። ያጣላቸው ሚስማር ነው።

ኤዶ ሀዋ መስታወት ሊሰቅሉ ሚስማር ሲመቱ ጫፉ በእኛ በኩል ወጥቶ የእናቴንና የአባቴን የሠርግ ፎቶግራፍ ከጀርባ ወጋው፤ በፊት የወጣውም በአባቴ ግንባር በኩል ነበር። እናቴ ይህን ያጋጣሚ ነገር ነው ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ነገር ግን አባቴ በመካከላችን ያለው ግድግዳ ሁለት መሆኑን፣ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ፣ በመካከላቸውም ስንዝር የሚያህል ክፍተት መኖሩን በወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከረረ። ሁለት ግድግዳና አንድ ስንዝር አልፎ የሰው ባል ግንባር ላይ የሚደርስ ሚስማር ታስቦበት ካልሆነ ከየትም አይመጣም አለች። የሚስማሩን ርዝመት ለቤተ ክርስቲያን ወዳጆቿ በክንዷ ታሳያቸው ነበር፣ ባሳየች ቁጥርም ሚስማሩ ወደ ትከሻዋ ይጠጋ ነበር።

እኔ ሁለት ግድግዳ አለመኖሩን አውቅ ነበር፣ ግን ማንም አልጠየቀኝም። አልጋዬ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነበርና፣ ከፍራሹ ከፍ ብሎ ሁለት ጣውላዎች ደርቀው በተለያዩበት በኩል አንድ ስንጥቅ ነበር። ከስንጥቁ ማዶ ሳህራ፣ የኤዶ ሀዋ ልጅ፣ ትተኛ ነበር። ከተማው በሙሉ ሱቁን ዘግቶ በሚተኛበት የቀትር ሰዓት፣ እኛ ልጆችም በግድ እንድንተኛ በምንታዘዝበት ጊዜ፣ እኔና ሳህራ በሆዳችን ተኝተን ፈረንሳይኛውን ከሶማሊኛው እየቀላቀልን በሹክሹክታ እናወራ ነበር።

እኔ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የምገባ፣ ትምህርት ቤት ስጠየቅ መምህሯ ከንፈሬን እያየች መልሱን የምትገምትልኝ ልጅ ነበርኩ። ከስንጥቁ ፊት ግን ሌላ ሰው ነበርኩ፤ እቀልድ ነበር፣ እዋሽ ነበር፣ ስለ መምህሮቼ ክፉ ክፉ ነገር እናገር ነበር። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደማይተዋወቅ ሰው እንተላለፋለን፣ እሷ እናቷን ፈርታ፣ እኔ ሁሉን ፈርቼ። ሳህራን ሙሉ ፊቷን እያየሁ አንድም ቃል ተናግሬያት አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አባቴ እናቴን ለማስደሰት «ከእንግዲህ ብሎኬት ነው የምንገነባው፣ እንኳን ሚስማር መርፌም አያልፍበት» ሲል፣ እናቴ ደስ ብሏት ተጨማሪ ወጥ አወጣችለት፣ እኔ ግን ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። እነሱ የሚያፈርሱት ግድግዳ እኔ የምናገርበት ብቸኛ ቦታ ነበር። ለሳህራ ስነግራት «ታዲያ እንደ ሰው በበር ነይ» አለችኝ። እሷ ቀላል ነገር የተናገረች መስሏት ነበር።

ሙቀቱ ገባ። ሌላ ጊዜ ትምህርት ሲዘጋ እናቴና እኔ ወደ ድሬዳዋ እንሄድ ነበር፣ በዚያ ዓመት ግን ቤቱ ሊፈርስ ስለሆነ ቀረን። ካምሲን የሚባለው የሙቀት ንፋስ አሸዋውን ይዞ ሲመጣ፣ አባቴና ጋሽ ተሾመ በየዓርቡ ከንጋት ጀምረው ቆርቆሮውን አወረዱ፣ የመንገዱን በኩል ግድግዳ አነሱ፣ ዕቃችንንም በሙሉ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር ከወደብ በመጣ ሸራ ሸፈኑት። እናቴ በሸራው ሥር ማዕድ ቤት፣ መኝታ ቤትና የእንግዳ ክፍል አዘጋጅታ፣ አባቴ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገር ጫማውን እንዲያወልቅ ታዘው ነበር።

የመጨረሻው የእኛና የነኤዶ ሀዋ ግድግዳ ነበር። ጋሽ ተሾመ ሥራውን ለአባቴ እንዲህ ሲሉ አስረዱት፤ «ጣውላ ጣውላውን እየነቀልን ምን ያደክመናል። ላዩን እንፈታለን፣ እግሩን እንቆርጣለን፣ በገመድ ከዛፉ ጋር አስረን እንደ ኮንቴይነር ባንድ ጊዜ እናስተኛዋለን።»

«የነሱ ግድግዳ እንዳይነካ» አለ አባቴ።

«የነሱ ከኋላ አይደል። ጎረቤት እንኳን አይነቃም።»

ላዩን ፈቱት፣ የምሰሶዎቹን እግር በመጋዝ ቆረጡት፣ ገመዱንም በላይኛው አግዳሚ እንጨት ላይ አሰሩት። ከዚያ የጫት መኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ጅቡቲ ውስጥ ያን ጡሩምባ ሰምቶ መዶሻ በእጁ ይዞ የሚቆይ ወንድ የለም። ጋሽ ተሾመ ገመዱን በዛፉ ላይ ጠመጠሙና «ይይዛታል» አሉ፣ ሁሉም እጁን ታጥቦ ከሸራው ሥር ትራስ ይዞ ተቀመጠ፣ ግድግዳውም ከላይ ተፈቶ፣ ከታች ተቆርጦ፣ ባዶው ክፍል መካከል ብቻውን ቆመ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ስንጥቁን ለመጨረሻ ጊዜ ላየው ፈልጌ ነበር፣ እናቴ ግን ከደጃፉ እንዳላልፍ አስጠንቅቃኝ ነበር። ካምሲኑ አንዴ በረታ ያለ ጊዜ ግድግዳው የሰማ ይመስል ራሱን ነቀነቀ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ሲለፋ እንደዋለ ሰው በእኛ በኩል ቀስ ብሎ ተኛ። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ይዞ የቀረው ግን የላይኛውን አግዳሚ እንጨት ብቻ ነበር።

አቧራው ሲገላለጥ ሌላ ግድግዳ አልነበረም። የነኤዶ ሀዋ ሳሎን ነበር። ጣራቸው በራሱ ምሰሶዎች ላይ ደህና ቆሟል፣ ማራገቢያቸው ይዞራል፣ ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል፣ ኤዶ ሀዋ ምንጣፉ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ጋሽ ኢስማኢል በሽርጥ ሆነው ጫታቸውን ይዘው ትራስ ተደግፈዋል። ሳህራ በሆዷ ተኝታ፣ አገጯን በእጆቿ ደግፋ፣ ስንጥቁ የነበረበትን ቦታ እያየች ነበር። አሁን እዚያ ያለሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ እየሮጠ መጣና ከጎኔ ቆመ። ጋሽ ኢስማኢል ከፊታቸው ላይ አቧራውን ጠረጉ፣ አባቴን አዩት፣ የተዘረጋውን ግድግዳ አዩት።

«ግቡ እንጂ» አሉ።

«ግድግዳው... የኛ መስሎኝ ነበር» አለ አባቴ።

«እኔም የናንተ መስሎኝ ነበር።»

«የናንተስ የታለ?»

«የኔ ብዬ የማውቀው ይሄንኑ ነው» አሉ ጋሽ ኢስማኢል የተኛውን ግድግዳ በአገጫቸው እያመለከቱ። «በል ዞር በል፣ ኳሱን ከለልከኝ።»

ጋሽ ተሾመ ከኋላ መጥተው «ገመዱ እንዳልተበጠሰ ልብ በሉልኝ» አሉ።

ኤዶ ሀዋ በጫጫታው ነቅተው ተቀምጠው ሻሻቸውን ሲያስተካክሉ እናቴ ደረሰች። ሁለቱ ሴቶች በመካከላቸው የሚቆም ነገር ሳይኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። እናቴ ጎንበስ ብላ በወደቀው ጣውላ ላይ ያቺን ቦታ ፈልጋ አገኘቻትና ሚስማሩን በጣቶቿ ነቅላ አወጣችው። እንጨቱ በምስጥ ስለተበላ ሳይጮኽ ወጣ። መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየችው። የሌባ ጣት ያህል ነበር።

«ይሄ ነው?» አለች።

«ምን ጠብቀሽ ነበር?» አሉ ኤዶ ሀዋ።

«አጭር ነው።»

«መስታወት ልሰቅል እንጂ መርከብ ላስር አልነበረ።»

እናቴ ሚስማሩን አየች፣ ከዚያ ዞር ብላ አባቴን አየችው። አባቴ ያን ጊዜ ገመዱን ሊፈታ ወደ ዛፉ ሄደ። «ስንዝር ክፍተት አለ ያለኝ እሱ ነው» አለች እናቴ። ኤዶ ሀዋም «የኔውም እንደዚያ ነው ያለኝ» ብለው አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው መሳቃቸውን ያወቅሁት። የዓመታት ኩርፊያ እንዲህ አለቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች በአንድነት ያኮረፉት ባሎቻቸውን ነበር።

እኔና ሳህራ ግን በዚያው ቀን ተጠፋፋን። እሷ ዘላ የወደቀው ግድግዳ ላይ ወጥታ «አየሽ፣ መጣሁ» ስትለኝ፣ አንገቷ ረጅም መሆኑን፣ አንድ ጥርሷ መሸረፉን፣ ስትስቅ ዓይኗን መጨፈኗን ሁሉ ባንድ ጊዜ አየሁና አፌ ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ስትጠይቀኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ስትቀልድ መሬት መሬት አያለሁ። በመጨረሻ ተናደደች። «ለካስ ጓደኛሽ ግድግዳው ነበር» አለችኝ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ስፈታና መልሼ ስቋጥር፣ እሷ ጥላኝ ሄደች።

ያዳነኝ አንሶላ ነው። እናቴና ኤዶ ሀዋ ለጨዋነት ሲሉ አንሶሎች ሰፍተው በግድግዳው ቦታ ጋረዱ። አንሶላው በተሰቀለበት ቀን፣ አባቴ ጣራ ባልነበረው ክፍል ላይ ሸራ ከወጠረ በኋላ፣ በቀትር፣ ፍራሼን ወደ ድሮው ቦታ ስቤ ተኛሁና «ሳህራ» አልኩ። ከማዶ ትራስ ሲገላበጥ ተሰማ። «ሳህራ፣ ጥርስሽን ምን ሰበረው?» «ቴምር» አለች ከአንሶላው ማዶ። አወራን። ድምፃችንን ረስተን ስናወራ ኤዶ ሀዋ ከማዶ እናቴን «ይቺ ልጅሽ መናገር ትችላለች እንዴ?» ሲሏት፣ እናቴ «እኔም ዛሬ ሰማሁ» አለች።

በዚያ ዓመት ፍልሰታና ረመዳን በአንድ ወር ውስጥ ተገናኙ። እኛ ሥጋ አንበላም፣ እነሱ ቀኑን ሙሉ ውሃም አይቀምሱም፣ በመካከላችን ያለው አንሶላ ደግሞ ሽታ አይከለክልም ነበር። እናቴ በቀትር ሽሮ ስትሠራ ጋሽ ኢስማኢል ከማዶ በደከመ ድምፅ «እህቴ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ዛሬ አብዝተሽዋል» ይሏት ነበር። እናቴ በዚህ አፍራ ምድጃ ማንደዱን እስከ አዛን ድረስ አቆመች፣ እናም ፍልሰታን ያን ጊዜ እንደ መነኮሳት ፀሐይ እስክትጠልቅ ጾምን፣ ከሃይማኖት ይልቅ በይሉኝታ። ኤዶ ሀዋም በበኩላቸው ለእኛ በምስር ብቻ የተሞላ ሳምቡሳ ለይተው ይጠብሱልን ነበር። አዛኑ ሲሰማ የአንሶላው ጫፍ ይነሣና ሳህን ወዲህ ያልፋል፣ ሳህን ወዲያ ያልፋል፤ አባቴም ሳህን ለመቀበል ብሎ የገለጠውን አንሶላ ኳሱ እስኪያልቅ አይመልሰውም ነበር።

የቀረው ቤታችን በብሎኬት ተሠርቶ ቆርቆሮው ተመለሰ፤ የመካከሉ ግድግዳም ቶሎ ሊሠራ ይችል ነበር፣ ያዘገየው ጨዋነት ነው። መጀመሪያ ሁለቱ አባወራዎች ግድግዳው ያንተ ነበር፣ የለም ያንተ ነበር ሲባባሉ ቆዩ። ሳምቡሳውና ሽሮው ከተላለፈ በኋላ ግን ክርክሩ ተገለበጠ።

«ግድግዳው የኔ ነው፣ እኔው እሠራዋለሁ» ይላል አባቴ።

«በምን ምክንያት? ሚስቴ ሚስማር የመታችበት ግድግዳ ያንተ ሊሆን ነው?» ይላሉ ጋሽ ኢስማኢል።

«ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

«ያፈረሰው ንፋስ ነው። አላህ ባመጣው ነገር ጣልቃ አትግባ።»

ይህን ማታ ማታ ሲሉት ወራት አለፉ፣ ሙቀቱም ወጣ። በቀዝቃዛው ወራት መጀመሪያ የጋሽ ኢስማኢል እናት ከአሊ ሳቢህ ከተማ ለመክረም እንደሚመጡ ተሰማ፤ አሮጊቷ ደግሞ በአንሶላ ማዶ የሰው ባል ኳስ ሲያይ ቢያገኙ የሚታገሡ ሴት አልነበሩም። ስለዚህ አንድ ዓርብ ጠዋት አባቴ ለጎረቤቱ ሳይነግር ብሎኬትና ግንበኛ አመጣ። ጋሽ ኢስማኢልም ለጎረቤታቸው ሳይነግሩ ብሎኬትና ግንበኛ አመጡ። ሁለቱም በረንዳቸው ላይ ቆመው ተያዩ፣ ሁለቱም የሚያፈገፍጉ አልነበሩም። አባቴ ለግንበኛው «ቦታቸውን እንዳትነካ፣ ስንዝር ተውላቸው» ሲለው፣ ጋሽ ኢስማኢልም ከማዶ ያንኑ በሶማሊኛ ሲያዙ ተሰማ።

ሲያልቅ በመካከላችን ሁለት ግድግዳ ነበር፣ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ፣ በመካከላቸውም ክፍተት። አባቴ ለዓመታት ሲያስረዳ የነበረው ነገር በመጨረሻ እውነት ሆነ። ጋሽ ተሾመ ሊያዩ መጥተው በጥፍራቸው እያንኳኩ «ይቺን እንኳን በገመድም አናስተኛትም» አሉ።

በዚያ ቀን ቀትር ፍራሼ ላይ በሆዴ ተኝቼ ግድግዳውን መታሁት። ጣቴን አመመኝ እንጂ ድምፅ አልሰጠም። በማግስቱም በሌላው ቀንም ሞከርኩ። እናቴ ወደ ኤዶ ሀዋ ስትሄድ ትወስደኝ ነበር፣ ግን እዚያ ስደርስ ከእናቴ ቀሚስ ጋር ተጣብቄ እቀመጣለሁ፣ ሳህራም አንዴ አይታኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። አሁን ስንጥቅ የለም፣ አንሶላ የለም። ወይ እናገራለሁ፣ ወይ ሳህራ አትኖርም።

ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ጫማዬን አድርጌ ብቻዬን ወጣሁ። ከበራችን እስከ በራቸው ያለው መንገድ አንድ ፍየል ተጋድማ የምትሞላው ያህል ነው፣ እኔ ግን የምናገረውን እየደጋገምኩ በእግሬ እስከ ከተማው ዳር፣ እስከ አምቡሊ የሄድኩ ያህል አላበኝ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ከዚያ ሳህራ መኖሯን መጠየቅ፤ ሊከፍቱልኝ የሚችሉት ኤዶ ሀዋ ወይም ጋሽ ኢስማኢል ወይም አሮጊቷ ናቸው ብዬ ለሦስቱም የሚሆን አንድ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አንኳኳሁ። የከፈተችው ሳህራ ራሷ ነበረች።

ለእሷ የተዘጋጀ ነገር አልነበረኝም። ስለዚህ ያለኝን አወጣሁ።

«ሳህራ አለች?» አልኳት።

ሳህራ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። አልሳቀችም።

«ቆይ ልጥራት» አለችና በሩን ዘጋችው። ከውስጥ «ሳህራ፣ እንግዳ መጥቶብሻል» ስትል ሰማኋት፣ ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ በሩ እንደገና ተከፈተ። «አቤት?» አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ያን ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ፣ ከሳቁ ጋርም ቃሉ ወጣ፣ እስኪመሽ ድረስም እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጠን አወራን። ምን እንዳወራን አላስታውስም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን መንገዱን እያየን ስለነበር ፊቷን ብዙ ማየት እንዳላስፈለገኝ ግን አስታውሳለሁ።

ዛሬ ሳህራ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ትሠራለች፣ የምትኖረውም እዚያው ነው፣ እኔም ተምሬ ሥራ ይዣለሁ፣ በስብሰባ ላይም ከተጠየቅሁ እናገራለሁ። ልጠይቃት ስሄድ እንደ ሰው ሁሉ ከታክሲው ሳልወርድ «በር ላይ ነኝ» ብዬ በስልኬ እጽፍላታለሁ፣ በሩም ማን ነሽ ሳይባል ይከፈታል። እንደኔ ላለ ሰው ከዚህ የተመቸ ዘመን የለም፤ ድምፅ ሳያወጡ ሰው ቤት መግባት ተችሏል። አንዳንድ ቀን ግን ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ እተውና አንኳኳለሁ። ካንኳኳሁ በኋላ እስኪከፈት ያለችው ጊዜ እንደያኔው ረጅም ናት፣ ልቤም እንደያኔው ይመታል፣ እኔም አልሄድም፣ እጠብቃለሁ።